ለአሮጌ የስፌት መኪና መለዋወጫ ስለ ማግኘትና ስለ ማስመጣት

የስፌት መኪና በኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት መሣሪያ መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ሲያረጅና አንዲት ትንሽ ዕቃ ስትጎድልበት፣ ያችን ዕቃ በምን ስም ጠይቆ ከየት ማግኘት እንደሚቻል በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ባለ ሱቁ «የለም» ይላል፤ ሰፊው መኪናውን ሸፍኖ ያስቀምጣል፤ አስመጪውም የሚፈለገውን ለይቶ ባለማወቁ የማይፈለገውን ያስመጣል። በዚህ መካከል የሚባክነው ገንዘብና የሥራ ቀን ቀላል ስላልሆነ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መመርመር ይገባል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ለውጭ ገበያ ልብስና የቆዳ ውጤት የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ሥፍራ ሆኗል። የልብስ ፋብሪካዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ፈጣን የስፌት መኪናዎችን በረድፍ ተክለው ይሠራሉ። ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ በጎሮ፣ በሰሚት፣ በአያትና በገርጂ ሰፈሮች ደግሞ በሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በእግር በሚረገጥ አሮጌ መኪና የሚሰፋ ባለሙያ አይታጣም። ሁለቱም መኪናዎች ከላይ በመርፌ፣ ከታች በቦቢን በሚመጣ ክር ስለሚሰፉ፣ ብዙ ሰው ለአንደኛው የመጣው መለዋወጫ ለሌላው የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን አይሆንም።

የዚህም ምክንያት አጭር ነው። መለዋወጫ የሚገጥመው በመኪናው ላይ ለተጻፈው ስም ሳይሆን ለመኪናው ምድብና ለዕቃው ልክ ነው። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የጨበጠ ነጋዴ በጥቂት ዓይነት ዕቃ ብዙ መኪናዎችን ሊያገለግል ይችላል። ያልጨበጠው ግን ሱቁን በመርፌ ቢሞላም ደንበኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሮጌው መኪና ስለምን አይጣልም

አሮጌ የስፌት መኪና አካሉ ቀልጦ በተሠራ ወፍራም ብረት የተበጀ ነው። ውስጡ ያሉት ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ቁጥራቸው አነስተኛ ሲሆን፣ አብዛኞቹም በካቻቢቴ ተፈትተው የሚጠገኑና የሚለወጡ ናቸው። በእግር የሚረገጠው ዓይነት መብራት ቢጠፋም ሥራ አያቋርጥም። ስለዚህ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ዛሬም ወፍራም ጨርቅ እየበሳ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሚያልቁት ዕቃዎች ተለይተው የታወቁ ናቸው። እነርሱም መርፌ፣ ቦቢን፣ ኬዝ የሚባለው የቦቢን መያዣ፣ የላይኛውን ክር የሚቆጣጠረው ቀጭን ሞላ፣ ክሩን የሚይዘው መንጠቆ፣ ጨርቁን ወደ ኋላ የሚገፋው ጥርስ፣ በቦቢን መጠምጠሚያው ላይ ያለው የጎማ ቀለበት፣ መንኰራኩሩን ከመኪናው የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋና ልዩ ልዩ ብሎኖች ናቸው። ዋናው አካል፣ ክንዱና ዘንጎቹ ግን ዘይት እስካላጡ ድረስ ከባለቤታቸው ዕድሜ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መኪናው በእርግጥ ተሰብሮ እንደ ሆነ ማጣራት ያሻል። «ነከሰ፣ አልዞርም አለ» ተብሎ የሚጣለው መኪና ብዙ ጊዜ ሌላ ጉዳት ሳይኖረው የደረቀ ዘይት ያጣበቀው ነው። የምግብ ዘይት ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ መኪና ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል። በነጭ ጋዝ በጥንቃቄ ታጥቦና ተጠርጎ፣ ለስፌት መኪና በተዘጋጀው ቀጭን ነጭ ዘይት ሲቀባ፣ ምንም ዕቃ ሳይለወጥለት ሊነሣ ይችላል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ባለ ሱቅ በዚያ ቀን መለዋወጫ ባይሸጥም ደንበኛውን ለሌላ ጊዜ ያተርፋል።

ፋብሪካው ቢዘጋም ምድቡ አልጠፋም

በአገራችን ብዙ ሰው ማንኛውንም የስፌት መኪና «ሲንጀር» ብሎ ይጠራዋል። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ በስኮትላንድ በክላይድባንክ ከተማ የነበረው ታላቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ሠርቶ በ1980 ተዘግቷል። በዚያ ፋብሪካ የተሠሩት መኪናዎች ከምድብ ቁጥራቸው ቀጥሎ «ኬ» የሚል የላቲን ፊደል ይከተላቸዋል። ስለዚህ 15 ኬ፣ 66 ኬ ወይም 201 ኬ ተብሎ የሚታወቅ መኪና ሥራው የክላይድባንክ ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ «የሲንጀር መለዋወጫ ከፋብሪካው ይምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ለእነዚህ መኪናዎች ፍሬ የለውም።

ነገር ግን ምድብ 15 የተባለው የሲንጀር መኪና ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ይህንኑ ምድብ እንደ ምሳሌ ወስደው፣ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም በአንድ ልክ መሥራት ጀመሩ። መኪናዎቹም እጅግ በብዙ ልዩ ልዩ ስም ለዓለም ገበያ ቀረቡ። ቻይናና ሕንድም ይህንኑ ዓይነት በብዛት ሠርተዋል። የሻንጋዩ ቢራቢሮና የሕንዱ ኡሻ በዚህ ቤተ ሰብ ሥራቸው ይታወቃሉ። ከዚህም የተነሣ ስሙ የማይታወቅ፣ ጽሑፉም የተፋቀ መኪና እንኳ የምድብ 15 ልጅ ሆኖ ከተገኘ፣ መርፌው፣ ቦቢኑና የቦቢን መያዣው ዛሬ አዲስ ሆነው እየተሠሩ ናቸው።

በአንጻሩ የሲንጀር ምድብ 27 እና 28 መኪናዎች የታችኛውን ክር የሚይዙት በጥይት አምሳል በተሠራ ረጅም መወርወሪያ ውስጥ ሲሆን፣ ቦቢናቸውም ቀጭንና ረጅም ነው። ለእነርሱ መለዋወጫ ማግኘት ከምድብ 15 ይልቅ ይከብዳል። ስሙ ያው ሲንጀር ሆኖ ሳለ የአንዱ ዕቃ ለሌላው የማይሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

የአየር ጠመንጃ ምሳሌ

ይህ ችግር በስፌት መኪና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአውሮፓ አሮጌ የአየር ጠመንጃ እየፈለጉ የሚያድሱ ሰዎች በዚሁ መንገድ ሲፈተኑ ቆይተዋል። በጀርመን አገር በራሽታት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመሠረተው ፋብሪካ ዲያና በተባለው ስሙ የታወቀ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መሣሪያዎቹና ስሙ ወደ ስኮትላንድ ተላልፈው፣ ሚልብሮ የተባለው ድርጅት በዚያ አገር በዲያና ስም ጠመንጃ ይሠራ ጀመር። የጀርመኑ ፋብሪካ ዳግመኛ ሥራ ሲጀምር ለብሪታንያ ገበያ «ኦሪጂናል» በሚል ሌላ ስም ለመሸጥ ተገደደ። በዚህ ሁኔታ አንድ ስም ሁለት አገር፣ አንድ ፋብሪካም ሁለት ስም ኖረው።

እንግዲህ በስም ብቻ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ግልጽ ነው። ስለዚህ ዐዳሾቹ ሌላ ዘዴ ያዙ። በጠመንጃው ውስጥ አየሩን የሚገፋው ሞላና አየሩ እንዳያመልጥ የሚያጥብቀው የቆዳ ቀለበት ዋነኞቹ የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ፣ የሞላውን ርዝመት፣ ውፍረትና ዙር፣ የቀለበቱንም ስፋት በካሊብሮ ለክተው በልኩ ያሠራሉ። ስም ባሳሳተበት ቦታ ልክ አላሳሳተም። ይኸው ዘዴ ለስፌት መኪናም በሙሉ ይሠራል።

ስለ መርፌ

በመለዋወጫ ንግድ ውስጥ ትልቁ ስሕተት የሚደርሰው በዚህች በትንሿ ዕቃ ነው። ለቤትና ለመንደር ሰፊ የሚሆኑት የምድብ 15፣ የምድብ 66 እና የመሳሰሉት መኪናዎች የሚጠቀሙበት መርፌ 15×1 ይባላል። ይኸው መርፌ በጃፓን ፋብሪካዎች ኤች ኤ ×1፣ በጀርመን ፋብሪካዎች 130/705 ተብሎ ይጻፋል። ስሙ ሦስት፣ መርፌው ግን አንድ ነው። ምልክቱም ወፍራሙ ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው።

በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቀጥታ ለሚሰፋው ተራ መኪና በብዛት የሚያገለግለው ግን ዲ ቢ ×1 የተባለው ነው። የዚህ መርፌ ራስ ሙሉ ክብ ሲሆን፣ ውፍረቱም 1.62 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዝ የሚቋጨው ኦቨርሎክ መኪና ደግሞ ሌላ፣ ብዙ ጊዜም ዲ ሲ ×27 የተባለ መርፌ ይፈልጋል። የፋብሪካው መርፌ በአሮጌው መኪና ቢገባ ራሱ ስለሚሳሳ፣ ክሩን መንጠቆው አያገኘውም፤ ስፌቱም ይዘላል። የአሮጌው መርፌ ለፋብሪካው መኪና ቢሞከር ደግሞ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ከቀዳዳው አይገባም።

በመርፌ ፓኬት ላይ ከዓይነቱ ሌላ የውፍረት ቁጥር ይጻፋል። 80/12፣ 90/14፣ 100/16፣ 110/18 የሚሉት ጥንድ ቁጥሮች አንድን ውፍረት በሁለት አቈጣጠር የሚገልጹ ናቸው። 90 ማለት የመርፌው አካል 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለቀጭን ሸማና ለሸሚዝ ጨርቅ 80/12፣ ለተራ ጨርቅ 90/14፣ ለካኪና ለጂንስ 100/16 ወይም 110/18 ተስማሚ ነው። ስለዚህ ደንበኛው «መርፌ ስጠኝ» ሲል ባለ ሱቁ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይኸውም «ራሱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ክብ?» እና «የምትሰፋው ጨርቅ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ስለ ቦቢንና ስለ መያዣው

የምድብ 15 ቦቢን ሁለቱም ጎኑ ልሙጥ ሲሆን፣ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የምድብ 66 ቦቢን በስፋት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጎኖቹ ወደ ውጭ በጥቂቱ የጎበጡ ናቸው። የፋብሪካው ተራ መኪና ቦቢን ደግሞ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢደባለቁ በዓይን ለመለየት ያዳግታሉ፤ ካሊብሮ ግን ወዲያው ይለያቸዋል።

የምድብ 15 የቦቢን መያዣ ከላዩ ጣት የመሰለ ብረት አለው። የዚህ ጣት አቅጣጫ ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ደንበኛው አሮጌውን መያዣ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ይበጃል። አዲስ መያዣ ከመሸጡ በፊት በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ክር የተጠመጠመበት ቦቢን በመያዣው ውስጥ ከገባ በኋላ በክሩ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ እጅ በጥቂቱ ሲነቀነቅ ትንሽ ወርዶ ቢቆም ዕቃው ደኅና ነው። ሳይነቀነቅ እስከ ታች ከወረደ ሞላው ላልቷል፤ ወይም በብሎኑ መስተካከል ያስፈልገዋል። ጠርዙ በጥፍር ሲዳሰስ ሸካራ የሆነ መያዣ ክር ስለሚበጥስ፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ደንበኛን ያስቀይማል።

ስለ ብሎን

ብዙ አሮጌ መኪና የተበላሸው በጥገና ጊዜ ነው። በስፌት መኪና ላይ ያሉት ብሎኖች በተራ የብረታ ብረት ሱቅ ከሚገኘው የሜትር ልክ ብሎን ጥርሳቸው የተለየ ነው። ሲንጀር የጀመራቸውና በኋላም የጃፓን ፋብሪካዎች የተቀበሏቸው ልኮች፣ ለምሳሌ ውፍረቱ የኢንች 9/64 ወይም 11/64 ሆኖ በአንድ ኢንች 40 ጥርስ ያለው ዓይነት፣ ለስፌት መኪና ብቻ የተለዩ ናቸው ለማለት ይቻላል። የሜትር ብሎን በኀይል ከተጠመዘዘበት ጥርሱ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ትክክለኛውም ቢመጣ አይዝም። በዚህ ረገድ ለአሮጌውና ለፋብሪካው መኪና የሚስማሙ አንዳንድ ብሎኖች ስላሉ፣ አስመጪው የተደባለቀ የስፌት መኪና ብሎን በጥቂቱ ቢይዝ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

በአገር ውስጥ የሚሠራውና የማይሠራው

ሁሉም ዕቃ ከውጭ መምጣት የለበትም። የመኪናው ቺንጋ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ቆዳ ስለሆነ፣ ቆዳ በሚለፋበት አገር ውስጥ ይህን ከባሕር ማዶ ማስመጣት የሚያስፈልግ አይመስልም። ከቆዳ ሥራ የሚተርፈው ቁራጭም ርዝመቱ ከበቃ ለዚሁ ሊሆን ይችላል። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች በሌላውም ዓለም ስላሉና የቆዳ ቺንጋ ዛሬም ስለሚገዙ፣ ላኪዎች ነገሩን በናሙና ቢሞክሩት ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል። ጠረጴዛውን እንጨት ሠራተኛ፣ የላላውን ዘንግና ቡሽ ቶርኖ ቤት ሊሠራው ይችላል።

መርፌ፣ መንጠቆና የቦቢን መያዣ ግን በቶርኖ ቤት የሚሠሩ አይደሉም። የብረታቸው ጥንካሬና የልካቸው ጥራት ልዩ ፋብሪካ ይጠይቃል። እነዚህን ከውጭ ከማስመጣት ሌላ ያለው መንገድ ከተጣለ መኪና ላይ መፍታት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ተፈትቶ ዳግመኛ አገልግሎት ላይ እንዲውል የሚደረግበት ሙያ የቆየ ስለሆነ፣ ሁለት የሞቱ መኪናዎች ተጋግዘው አንድ ሕያው መኪና ማውጣታቸው የተለመደ ነው። ሆኖም ከአንዱ መኪና የተፈታው መንጠቆ ለሌላው እንዲሆን ሁለቱም የአንድ ምድብ መሆን አለባቸው። እዚህም ላይ ስም ሳይሆን ምድብ ይፈርዳል።

ለአስመጪዎች

በጉምሩክ ታሪፍ የስፌት መኪና በአንቀጽ 84.52 ሥር ይመደባል። የቤት ዓይነት መኪና 8452.10፣ መርፌ 8452.30፣ ሌሎች መለዋወጫዎች 8452.90 ናቸው። መርፌና መለዋወጫ በአንድ ስም ተጠቅልለው ከታወጁ በመተላለፊያው ላይ መዘግየት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለየብቻ ማስጻፍ ይገባል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በስሕተት የመጣ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሣራ ከበፊቱ ይልቅ ይሰማል። አንድ ካርቶን የተሳሳተ መርፌ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የሞተ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ «የሲንጀር መርፌ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ዓይነቱ 15×1፣ ውፍረቱ 90/14፣ ብዛቱም ይህን ያህል ተብሎ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለቦቢንና ለመያዣ የምድቡ ቁጥርና የሚሊ ሜትር ልክ ይጻፋል። ከብዛት ግዢ በፊት ናሙና አስመጥቶ በአሮጌ መኪና ላይ መሞከርም ከሁሉ የሚበልጥ ዋስትና ነው።

በቦሌ ለሚና በመሳሰሉት ፓርኮች ያሉ ፋብሪካዎች ለራሳቸው ሥራ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡት ዕቃ ሕጉ በሚያዘው ሥርዓት ካልሆነ በቀር ወደ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ አይደለም። አገልግሎቱን የጨረሰ የፋብሪካ መኪና በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥም፣ ገዢው ክብ ራስ ያለውን መርፌና የ21 ሚሊ ሜትሩን ቦቢን የሚፈልግ መሆኑን ዐውቆ መግዛት አለበት። እንዲህ ያለው መኪና በመንደር ውስጥ በተበራከተ ቁጥር ባለ ሱቁ ሁለቱንም የመርፌ ዓይነቶች በተለያየ ሣጥን፣ ስማቸውን ጽፎ መያዝ ይገባዋል።

በመጨረሻም የአንድ ሱቅ የመለዋወጫ ፍላጎት ከውጭ ለማዘዝ የማይበቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መርፌ፣ ቦቢን፣ የቦቢን መያዣ፣ ሞላና የጎማ ቀለበት ክብደታቸው ቀላል፣ ዋጋቸውም በተናጠል አነስተኛ ነው። የአንድ ሰፈር ባለ ሱቆች የሚያስፈልጋቸውን በምድብና በልክ ዘርዝረው በአንድ አስመጪ በኩል በጋራ ቢያዝዙ፣ ዕቃው በአንድ ሣጥን መጥቶ ወጪውም ለሁሉም ይከፋፈላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በጋራ የተያዘ ትእዛዝ ለየብቻ የማይደፈረውን ግዢ ያስደፍራል። ሰፊውም በአንዲት ቦቢን ምክንያት ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ለበዓል የታዘዘውን ልብስ በቀጠሮው ቀን ያስረክባል።